«ወንድ አንድ ሰው ሞተ» ላይ ለምትጽፊው እህት

እህቴ፣ የጦርነትና የክብር ግጥም ቋንቋውና ቅርጹ እንዴት ይተነተናል ላልሽው። መምህርሽ «ታሪክ ነው የጻፍሽው» ብሎ ድርሰትሽን የመለሰብሽ በዚህ ግጥም ላይ ነው፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

መምህሩ ልክ ነው።

1. ታሪኩን በሁለት መስመር ጨርሺው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ጦር እጅ አልሰጥም ብለው በሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ፤ በቃ። ቸርችል ጎዳና አደባባዩ ላይ የቆመውን የሴባስቶፖል መድፍ ምስል ለመግለጽ ገጽ አትፍጂ፤ ግጥሙ ውስጥ መድፍ የለም።

2. ምጣኔውን ቁጠሪ፤ ግን ፊደል አትቁጠሪ። ሁሉም የሚወድቀው እዚህ ነው። በፊደል 9፣ 7፣ 9፣ 10 ይመጣና «ምጣኔው የተዛባ ነው» ብለሽ ታርፊያለሽ። የሚቆጠረው በአፍ ሲባል የሚሰማው ቀለም፣ ማለትም በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው የድምፅ ክፍል ነው፦ መቅ-ደ-ላ-ፋ-ፉ-ላይ፣ ጩ-ኸት-በ-ረክ-ከ-ተ፤ የ-ሴ-ቱን-አ-ናው-ቅም፣ ወን-ዳን-ድ-ሰው-ሞ-ተ። የ«መቅደላ» «ላ» የ«አፋፉ»ን «አ» ዋጠው፣ «ወንድ አንድ» ደግሞ «ወንዳንድ» ሆነ። 6 በ6፣ ጥርት ያለ የወል ቤት (ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ ለሁለት የሚከፈል የግጥም ዓይነት)! ስድስት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጠው ማስታወሻ የእንግሊዝኛን ምት አምጥቶ እዚህ ላይ ሲለጥፍ በጣም ያናድደኛል። የኛ ግጥም የራሱ ሚዛን አለው።

3. ቃላቱን አንድ በአንድ ያዢ። «በረከተ» ለእህል፣ ለከብት የምንለው የጥጋብ ቃል ነው፤ እዚህ የበረከተው ግን ጩኸት ነው። «ሞተ» እንጂ «ተገደለ» አላለም፤ ጠላት ገዳይ የሚባልበትን ቃል ነፈገው። ንጉሥ ሆነው ሳለ «ሞቱ» አለመባሉን ከ«በረከተ» ጋር ቤት ለመምታት ነው ብለሽ ብቻ አትለፊው፤ ማዕረጉ ወልቆ «ሰው» ቀርቷል፣ ስምም አልተጠራም። ዋናው ግን የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። በወሬ «አንድ ወንድ ሞተ» እንላለን። ገጣሚው «ወንድ»ን አስቀድሞ ከ«ሴቱን» ጋር አፋጠጠውና ጾታ የነበረው ቃል ጀግና ማለት ሆነ። ያኔ «አንድ» ቁጥር መሆኑ ይቀርና በሕይወት በተረፉት ላይ የሚወርድ ስድብ ይሆናል፤ አንዱ ከሞተ የቀረው ምንድነው? ድርሰትሽን ከዚህች ከ«አንድ» ጀምሪ፣ ምጣኔውን ከዚያ አስከትዪ።

ደግሞ ቃል ግጥም፣ ማለትም በአፍ የሚነገር ግጥም፣ ከአፍ አፍ ሲሄድ ይለዋወጣል። የቆጠርሽውን ስንኝ እንዳለ መጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፊው፤ አለዚያ አራሚው የራሱን ይዞ ይቆጥርብሻል።