አሥር ሰቅል

ባለፈው ሰሞን ፍኖተ ሰላም ላይ የእምነት ማጽኛ ትምህርት እንዲያስተምር የተመደበ ወጣት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ልጆቹ መልሱን የማላውቀውን ጥያቄ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?» አለኝ። «አላውቅም በላቸዋ!» ብዬው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ መልሱን ጥንቅቅ አድርጌ አውቀዋለሁ ያልሁት ጥያቄ ነው።

ዘመኑ 1986 ዓ.ም. ይመስለኛል። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በቆርቆሮ ቤት፣ ሦስት አግዳሚ ወንበር ላይ ስድስት ልጆች አስተምር ነበር። በዚያ አገር የመካነ ኢየሱስ፣ የወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን፣ ልጅ መሆን ቀላል አልነበረም፤ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሲሆን በጓሮ በር የሚገቡ ነበሩ። የማርቲን ሉተርን ትንሹን ካቴኪዝም፣ በጥያቄና መልስ የተጻፈውን የእምነት መማሪያ፣ በቃል አስይዛቸዋለሁ። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ሲያሳትመው ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ሥር «ይህ ምን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ አስቀምጦ ነበር። እኔ ጥያቄውንም መልሱንም አንድ ላይ አስሸመድዳቸዋለሁ።

የዚያን ቀን የደረስነው አራተኛው ትእዛዝ ላይ ነበር፤ አባትህንና እናትህን አክብር። የታዛዥ ልጅ ምሳሌ ትሆነኛለች ብዬ መሳፍንት 11ን ገለጥሁና የዮፍታሔን ልጅ ታሪክ ተረክሁላቸው። አባት ከጦርነት በድል ብመለስ ከቤቴ ደጅ ሊቀበለኝ የወጣውን መሥዋዕት አድርጌ አቀርባለሁ ብሎ ተሳለ፤ አንድ ልጁ ከበሮ ይዛ እየዘፈነች ወጣች። እሷም ሁለት ወር በተራራ ላይ እንድታለቅስ ብቻ ለምና እሺ አለች። ተራራ ስል ልጆቹ በመስኮቱ ወደ ጮቄ ተመለከቱ።

ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እየጠቀለለች «መምህር፣ ዮፍታሔ ቃሉን ቢያጥፍ እግዚአብሔር ይቆጣ ነበር?» አለች። መልስ ሞልቶኝ! መክብብ 5ን አነበብሁላት፤ ተስሎ ከማስቀረት አለመሳል ይሻላል። ቃል ከአፍ ከወጣ ወጣ፣ አልኋት። «ልጅቱ ግን አልተሳለችም» አለች። ወንዶቹ ሳቁ። እኔም «ለዚህ አይደል ታዛዥ ናት ያልኋችሁ» አልሁ። ዝም ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ሁለት ቅዳሜ ቀረች። በሦስተኛው ስጠይቅ አንዱ ልጅ ቀና ሳይል «ተዳረች» አለኝ። ሽማግሌ የተላከው ገና በመስከረም ነበር፤ አባቷም ቃሉን ሰጥቷል። ዕድሜዋ 14 ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ይል ነበር፤ 18 የሆነው በ1992 የቤተሰብ ሕጉ ሲሻሻል ነው። በገጠሩ ግን ማን ጠየቀ? አባቷ ከእኔ ጋር ቡና የሚጠጣ ሰው ነበር። ሄጄ ባናግረው ይሰማኝ ነበር ወይስ ያባርረኝ ነበር? አልሄድሁማ።

ከዓመታት በኋላ ሰው ሁሉ የሚዘልለውን ዘሌዋውያን 27ን ሳነብ እጄ ደረቀ። በስእለት የተሰጠ ሰው በብር ይዋጃል፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ያለች ሴት ግምቷ 10 ሰቅል ነው፤ ሰቅል የዚያ ዘመን የብር መመዘኛ ነው። ምዕራፍ 5 ደግሞ ሳያስብ በከንፈሩ የማለ ሰው ኃጢአቱን ተናዝዞ አንዲት በግ ወይም ፍየል ያቅርብ ይላል። ፍየል! በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ይህን ለዮፍታሔ የነገረው ሰው በመጽሐፉ አልተጻፈም። በእኔም ክፍል ማንም አልተናገረም።

አያቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ወደ ወንጌላውያን ስሄድ አንድ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ማዕድ አልቀረቡም፤ ይህን ሌላ ጊዜ አወራዋለሁ። በልጅነቴ ዳዊት በሩጫ ስደግምላቸው «እግርህስ ፈጣን ነው፤ መንገድ ላይ ምን አየህ?» ይሉኝ ነበር። ትርጓሜ ሲያወርዱ «አንድም፣ አንድም» እያሉ በአንዱ ቃል ላይ ግማሽ ቀን ይቆያሉ። እኔ በአንዱ ብቻ የቆምሁት ከማን ተምሬ እንደሆነ አላውቅም።

እናንተ ልጆች የምታስተምሩ፣ ጸልዩ፣ ተዘጋጁ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። በቃል ማስያዝን ግን አትተዉ። አዎ፣ ከላይ ራሴን የወቀስሁበት ነው፤ ቢሆንም የዛሬ ልጅ ጥቅሱ ሁሉ ስልኩ ውስጥ ነው፣ ባትሪው ሲያልቅ እምነቱም አብሮ የሚጠፋ ይመስለኛል። እናንተ መምህራኑም ብትሆኑ ያው ናችሁ። ልጅ ከበድ ያለ ነገር ከጠየቀ ደግሞ በጓደኞቹ ፊት አትጨርሱት። ትምህርቱ ሲያልቅ «ወንበር አንሣልኝ» በሉት፤ ልጅ እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል። እኔ ይህን ሳውቅ ፀጉሬ ሸብቶ ነበር።

ያችን ተማሪዬን አንድ ጊዜ ቢቸና ገበያ አገኘኋት። ልጅ አዝላ ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች። ሮጣ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ፤ «መምህር፣ እነዚያ ልጆች ደኅና ናቸው?» አለችኝ። ስለ 10 ሰቅሉ ልነግራት አፌን ከፈትሁና «ስንት ነው ኪሎው?» አልሁ። አራት ኪሎ ገዛሁ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ከረጢቱን ከፍታ አየችና «ይህን ሁሉ ሽንኩርት ምን ላድርገው?» አለችኝ።