የሕግ ምክር፦ ከሙከራ በረራ መዝገብ ላይ የተላከ ፎቶ

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የምኖር የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ነኝ። ግሪን ካርድ አለኝ፤ ዜግነት ለመጠየቅ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። የምሠራው ለጦር ኃይሉ ድሮን በሚሠራና በሚፈትሽ ኩባንያ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ለእርሻ መድኃኒት መርጫ የሚሆን ድሮን እየሠራ ነው። ድሮኑ አየር ላይ ሲቆም እየተወዛወዘ ስላስቸገረው በቴሌግራም ምክር ጠየቀኝ። እኔም የእኛን ድሮን ያረጋጋንባቸውን ቁጥሮች ከሙከራ በረራ መዝገብ ላይ ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። አሁን ስጋት ይዞኛል። ለገና አገር ቤት ስሄድ የሥራ ላፕቶፔን መያዝስ እችላለሁ? ደግሞም በቅርቡ የተቀጠረ ኢትዮጵያዊ ባልደረባዬ የጥገኝነት ጥያቄው ገና አልተወሰነለትም፤ የሙከራ ሥራችንን ባሳየው ችግር አለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከሦስቱ ጉዳዮች አስቸኳዩ አስቀድሞ የተላከው ፎቶ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ፤ የሁለቱም መልስ ከዚያው ይመዘዛል።

አሜሪካ የጦር መሣሪያ ወደ ውጭ መላክን የምትቆጣጠረው እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው ሕግና እሱን ለማስፈጸም በወጣው፣ በሥራው ዓለም «አይታር» በሚባለው ደንብ ነው። አስፈጻሚው በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የመከላከያ ንግድ ቁጥጥር ዳይሬክቶሬት ነው። ደንቡ የሚቆጣጠረው ድሮኑን፣ ሰው አልባውን ተሽከርካሪና ክፍሎቻቸውን ብቻ አይደለም፤ ስለ አነዳደፋቸው፣ አሠራራቸውና አፈታተሻቸው የሚናገረውን ቴክኒካዊ መረጃም ጭምር ነው። ይህ መረጃ ያለ ፈቃድ ለውጭ ሰው ከደረሰ፣ በወረቀት ሆነ በፎቶ ወይም በስልክ በተነገረ ቃል፣ ወደ ውጭ እንደተላከ ይቆጠራል።

የአክስትዎ ልጅ ድሮን ለእርሻ መሆኑ ልብዎን እንዳሳረፈው ከደብዳቤዎ ይታያል። ሆኖም ዕቃው ወይም መረጃው ከተላከ በኋላ ለምን ይውላል የሚለው ብቻውን በቁጥጥሩ ሥር መሆን አለመሆኑን አይወስንም፤ የሚታየው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ነው። ልዩነቱን በእርስዎው ምሳሌ ላሳይዎት። ድሮን አየር ላይ ሲቆም ለምን እንደሚወዛወዝ፣ ድሮንን ለማረጋጋት የሚያገለግለው፣ ፒአይዲ የሚባለው የቁጥጥር ዘዴ ሦስቱ መለኪያዎች ምን ምን እንደሚሠሩ፣ አንዱ ሲበዛ ሌላው እንዴት እንደሚቀነስ ማስረዳት በየኮሌጁ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ እንዲህ ያለውን አጠቃላይ የምህንድስና ዕውቀት ደንቡ ከቴክኒካዊ መረጃ አይቆጥረውም። ለጦር ኃይሉ ከተሠራ ድሮን የሙከራ በረራ ላይ የተወሰዱት ሦስት ቁጥሮች ግን፣ ምንም እንኳ ለአክስትዎ ልጅ ድሮን ላይሆኑ ቢችሉም፣ ያ ጥበቃ የላቸውም።

እዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥፋተኛ የተባሉትን የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጆን ሪስ ሮዝን ማንሣት ግድ ይለኛል። ሮዝ በአሜሪካ አየር ኃይል ውል መሠረት የድሮን ክንፍን በፕላዝማ የመቆጣጠር ምርምር ሲያካሂዱ ከቻይናና ከኢራን የመጡ ሁለት ተማሪዎችን በሥራው አሳትፈዋል፤ በ2006 ወደ ቻይና ሲጓዙም የምርምሩን ሰነዶች ይዘው ነበር። በ2009 የተፈረደባቸው አራት ዓመት እስራት ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2011 ፍርዱን ሲያጸና፣ ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት ያለበት ተከሳሹ ድርጊቱ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ መፈጸሙን እንጂ ዕቃው በአይታር የቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማወቁን አይደለም ብሏል። ስለዚህ በእርስዎ ጉዳይ ትልቁ ጥያቄ ፎቶውን በላኩበት ሰዓት ምን ያውቁ ነበር የሚለው ይሆናል፤ ኩባንያው ሲቀጥርዎ ሥልጠና ሰጥቶ አስፈርሞዎት ከሆነ «አላውቅም ነበር» ማለት ይከብዳል። የወንጀል ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ጥሰት እስከ 20 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል፤ የአስተዳደር መቀጫ ለመጣል ደግሞ ማወቅዎን ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም።

ለእርስዎ ግን ከመቀጫው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የኢሚግሬሽን ሕጉ ዕቃ፣ ቴክኖሎጂ ወይም ጥብቅ መረጃ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግን የጣሰ ወይም ለማምለጥ የሞከረ የውጭ ዜጋ ከአገር ሊባረር እንደሚችል ይደነግጋል፤ ድንጋጌው የፍርድ ቤት ጥፋተኝነትን በቅድመ ሁኔታ አያስቀምጥም። ባለ ግሪን ካርድ በዚህ ሕግ ፊት ገና የውጭ ዜጋ ነው። ዜግነት ሲጠይቁም ያለፈ ድርጊትዎን በመሐላ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት ይህ ጉዳይ መልክ ይያዝ።

ዛሬ ማድረግ ያለብዎት፣ ከሁሉ አስቀድሞ፣ የቴሌግራሙን ንግግር አለመሰረዝ ነው። ሰው ሲደነግጥ እጁ የሚሄደው ወደ ማጥፊያው ነው፤ ምርመራን ለማደናቀፍ መረጃ ማጥፋት ግን ራሱን የቻለ እስከ 20 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ በስህተት የተላከን ፎቶ ሆን ተብሎ የተላከ ያስመስለዋል። ቀጥሎ በወጪ ንግድ ቁጥጥርና በኢሚግሬሽን ሕግ የሚሠራ የራስዎን ጠበቃ ያግኙ። የኩባንያው ጠበቃ ጨዋና ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛው ግን ኩባንያው ነው፤ የነገሩትንም ኩባንያው ከፈለገ ለመንግሥት አሳልፎ መስጠት ይችላል። ጠበቃዎ ያ ድሮን በእርግጥ በአይታር ሥር መሆኑን ወይም ቀለል ባለው የንግድ መሥሪያ ቤት ደንብ ሥር መመደቡን አጣርቶ፣ ለዳይሬክቶሬቱ በፈቃደኝነት ማሳወቅ ይገባል አይገባም የሚለውን ያማክርዎታል። በራስ ተነሣሽነት ማሳወቅ ቅጣትን ለማቅለል ይታያል።

ላፕቶፑን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ ቤት ይቅር። ቴክኒካዊ መረጃ የያዘ ላፕቶፕ ተከፈተም አልተከፈተም፣ አብሮዎት ከደለስ አየር ማረፊያ ተነሥቶ ቦሌ ሲያርፍ ከአገር ወጥቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2021 ለጦር ሠራዊታቸው፣ ለፖሊስና ለደኅንነት ተቋሞቻቸው ፈቃድ ከሚከለከልባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ መግባቷንም ያስታውሱ፤ በዚያ ዝርዝር ላለ አገር አብዛኞቹ ከፈቃድ ነጻ የሚያደርጉ ሁኔታዎች አይሠሩም። ዝርዝሩ ስለሚሻሻል በጉዞው ቀን ያለውን ማየት ያስፈልጋል፤ ቢነሣ እንኳ ፈቃድ የማግኘቱ ግዴታ አብሮ አይነሣም። ስልክዎ ውስጥ ያለውን የሥራ ኢሜይልም እንዳይረሱት።

ባልደረባዎን በሚመለከት፣ ደንቡ ዜጋውን፣ ባለ ግሪን ካርዱን፣ ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለትን «የአሜሪካ ሰው» ይላቸዋል። ማመልከቻው በመታየት ላይ ያለው ግን፣ የሥራ ፈቃድ ቢኖረውም፣ የውጭ ሰው ነው፤ እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ ከጎንዎ ተቀምጦ ስክሪኑን ቢያይ መረጃው ወደ ኢትዮጵያ እንደተላከ ይቆጠራል። ይህን ሲያነቡ እንደሚያዝኑ አውቃለሁ፤ እኔም በየጊዜው ለደንበኞች ስነግር ያመኛል። ሆኖም የባልደረባዎን ኬዝ እየጠየቁ እርስዎ አይፍረዱ፤ ምን ማየት እንደሚፈቀድለት በኩባንያው የዚህ ደንብ ኃላፊ በጽሑፍ እንዲወስን ይጠይቁ። ጥገኝነቱ የጸደቀለት ቀን ግን ኩባንያው አይታርን ምክንያት አድርጎ ሊያገልለው አይገባም፤ ያ ራሱ በሕግ የተከለከለ አድልዎ ሊሆን ይችላል።

ለአክስትዎ ልጅ የሚጽፉትንም መጀመሪያ ለጠበቃዎ ያሳዩ። እኔ ብሆን የምጽፈው ፎቶውን እንዳይጠቀምበትና ለማንም እንዳያስተላልፍ፣ የተላከለትን ግን እንዳያጠፋ ብቻ ነው። ድሮኑ ስለ መወዛወዙ የሚረዳው የቁጥጥር ምህንድስና መማሪያ መጽሐፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትም አይጠፋም።