ከጡረታ በኋላ ከብት እርባታ፦ ሣሩ ይቅደም

የተከበሩ መምህር፣

ደብዳቤዎን በጥሞና አነበብኩት። ዕድሜዎ 57 ደርሷል፤ ጡረታ ለመውጣት 3 ዓመት ቀርቶዎታል። ባለቤትዎ ደብረ ማርቆስ የነበራቸውን ሱቅ ዘግተዋል፤ ማቻከል ውስጥ ከአባታቸው የቀረ መሬት አለ። «እዚያ ገብተን መሬቱ እንዲያገግም እያደረግን ከብት ብናረባ ዕድሜያችን ይፈቅድልናል ወይ? ባጠራቀምነው ገንዘብ አሁኑኑ 4 የተዳቀሉ ላሞች ብንገዛስ?» ብለው ጠይቀዋል።

ዕድሜው አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ላሞቹን ማስቀደምዎ ነው። ላም የምትገዛው ሣሩ ከደረሰ በኋላ ነው። ደመወዝ እየበሉ የሚቆዩባቸው እነዚህ 3 ዓመታት ከተጠራቀመው ገንዘብ ይበልጣሉ፤ እባክዎ ለመሬቱ ያውሏቸው።

ደጋው ጎጃም ላይ ብዙ ማሳ በዝናብ ታጥቦ፣ በየዓመቱ ታርሶ አሲዳማ ሆኗል። እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፣ ገለባውም ከማሳው ይወጣል፤ ወደ አፈሩ የሚመለስ ነገር የለም። እናንተ ያሰባችሁት እርባታ ይህን የሚያስቀር ነው። እበቱና ሽንቱ ከጉዝጓዙ ጋር ተብላልቶ ማሳው ላይ ይበተናል። ከብቱም ሣሩን ሥሩ እስኪቀር አይግጥም፤ ግጦሹ ተከፋፍሎ አንዱ ሲበላ ሌላው ያርፋል። ግን አንድ ነገር አስቀድማችሁ አስቡ፦ ኩበት ከቀረ እንጀራው በምን ይጋገራል? ማገዶ ሳያዘጋጅ ኩበት የተወ ቤት ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ መጠፍጠፉ አይቀርም።

ስለዚህ በዚህ ክረምት፣ ዝናቡ ሲደላደል፣ እርከኑ ላይ ደሾ የተባለውን የመኖ ሣር ከነሥሩ በተገነጠለ ግንጣይ ትከሉ። አጥሩን ትሪ ሉሰርን በሚባለው የመኖ ዛፍ አድርጉት፤ ደጋ ይስማማዋል፣ ቅጠሉ መኖ፣ ቅርንጫፉ ማገዶ ነው። ውኃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ግን አትትከሉት፤ ይደርቃል። አፈሩን በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል አስመርምሩና አሲዱን የሚቀንስ ኖራ ያስፈልገው እንደሆነ እወቁ። ድርቆሹን ደግሞ ሣሩ አበባ ሲያወጣ እጨዱት። ብዙ ሰው ኅዳር እስኪገባ ይጠብቃል፤ ያኔ ክምሩ ትልቅ ይሆናል እንጂ አገዳ ነው፣ ላሟ አትጠቀምበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ልቅ ግጦሹ ነው። እህል ከተሰበሰበ በኋላ የሰፈሩ ከብት በየማሳው ይለቀቃል፤ የእናንተን ደሾ ለይቶ አይተውም። አጥር ብቻውን አይበቃም። ከጎረቤቶቻችሁና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ፤ የደሾ ግንጣይም አካፍሏቸው። የራሱ ማሳ ላይ የተከለ ሰው የእናንተንም ይጠብቃል።

በሦስተኛው ዓመት 2 ላም ግዙ፣ አገር በቀል ቢሆኑ እመርጣለሁ። የአገር ላም በቀን 2 ሊትር ገደማ ብትታለብ ነው፤ የተዳቀለችው ብዙ እጥፍ ትሰጣለች፤ ነገር ግን ፋጉሎና ፉርሽካ፣ የቅርብ ሐኪምም ትፈልጋለች፤ መንገድ በተዘጋ ሰሞን ይህ ሁሉ ይቸግራል። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ፎገራ በተባለው አገር በቀል የከብት ዝርያ ላይ ይሠራል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቋቸው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በእነዚያ ቀናት ወተት ገዢ ስለሚያጣ ቅቤ ማውጣቱን ከወዲሁ በዕቅዳችሁ አስገቡ። ላሟ ሐምሌ ላይ በኮርማ ብትጠቃ ሚያዝያ ላይ ትወልዳለች፤ ወተቱ ለፋሲካና ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ያ ወቅት ግን ሣር የሚጠፋበት ነውና የጥቅምቱ ድርቆሽ ካልተቀመጠ አይሞከርም።

አሁን የመጨረሻውን ልበል። ደብዳቤው ላይ ስለ ባለቤትዎ ያለው «እሷም ተስማምታለች» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። መሬቱ ግን የእሳቸው አባት የነበረ ነው። ወንድሞችና እህቶች ካሉ ውርሱ ተጣርቶ የይዞታ ደብተሩ ሳይወጣ አንድ ችግኝ አትትከሉ፤ በኋላ ዛፉም ሙግት ይሆናል። ንጋት ላይ የሚያልበው ማን ነው? እርስዎ ወገብዎን ሲያምዎ ማን ይተካል? በጎጃም የቅቤው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የእናት ነው፤ ሽያጩ ሲያድግ ወደ ማን ይሄዳል? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልሱን ባለቤትዎ ራሳቸው ጽፈው ይላኩልኝ። የቀረውን ከዚያ በኋላ እናየዋለን።