ካያኩን ሳይበሱ ዓሣ ማየት፦ ከእናንተ ጥያቄ፣ ከእኔ መልስ

ባለፈው በካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ በሚነዳ ጠባብ ትንሽ ጀልባ፣ ዓሣ ስለ ማጥመድ ጥቂት ነገር ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሚመጡት ጥያቄዎች ግማሹ ስለ ፊሽ ፋይንደር ነው፤ በድምፅ ዓሣና ጥልቀት ፈልጎ በስክሪን ስለሚያሳየው መሣሪያ። በተለይ ድምፅ የሚልከውና የሚቀበለው ክፍል፣ ማለትም ትራንስዱሰሩ፣ ካያኩ ሆድ ውስጥ እንዴት ይገጠማል የሚለው። ዛሬ እሱን እንጨርስ። ስለ መንጠቆ የጠየቃችሁኝ ትንሽ ታገሱኝ።

“ጋሼ፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ልወጣበት ያገለገለ ካያክ ገዛሁ። ወለሉን መብሳት ፈራሁ። ጓደኛዬ ‘ከውስጥ ለጥፈው፣ በፕላስቲኩ አልፎ ያያል’ አለኝ። እየቀለደብኝ ነው?” (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

አልቀለደብህም። ትራንስዱሰሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚንቀጠቀጥ ሴራሚክ አለ። ሲንቀጠቀጥ እኛ የማንሰማው ቀጭን ድምፅ ወደ ታች ይልካል። ድምፁ ከውሃው ሥር ያለውን መሬት ወይም ዓሣውን ነክቶ ሲመለስ ያው ሴራሚክ ይቀበለዋል። ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ይሄዳል። 15 ሜትር ጥልቀት ላይ ደርሶ መልሱ የአንድ ሰከንድ ሃምሳኛ ነው። መሣሪያው ይህችን ጊዜ ይቆጥርና ጥልቀቱን ይነግርሃል።

አብዛኛው የዓሣ ማጥመጃ ካያክ ከፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ነው የሚሠራው። ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ለድምፁ ይህ ፕላስቲክ ከውሃ ብዙም አይለይበትም። ትንሽ ይዳከማል እንጂ ያልፋል። የማያሳልፈው አየር ነው። በትራንስዱሰሩና በፕላስቲኩ መካከል እንደ ወረቀት የሳሳ አየር ካለ ድምፁ እዚያው ነጥሮ ይመለሳል። ነፍሰ ጡር ሴት አልትራሳውንድ ስትታይ ሆዷ ላይ ያንን ቀዝቃዛ ጄል የሚቀቧት ለምን ይመስልሃል? ለዚሁ ነው፤ አየሩን ለማስወጣት።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። የአንዳንድ ካያክ ወለል ሦስት ድርብ ነው። በሁለት ፕላስቲክ መካከል ፎም አለበት። ፎም ማለት የታሰረ አየር ነው። እዚያ ላይ ምንም ብትለጥፍ ስክሪኑ ባዶ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ከለጠፍኩ በኋላ ነው። ማጣበቂያው እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጠበቅሁ፣ ካያኩን መኪና ላይ ጫንኩ፣ አንድ ሰዓት ነዳሁ። ሐይቁ መሃል ስደርስ የጥልቀቱ ቁጥር ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ተሳደብኩ፣ ቀዝፌ ተመለስኩ።

ስለዚህ ሳትለጥፍ ሞክር። የሳንድዊች ፕላስቲክ ከረጢት ውሃ ሙላና ትራንስዱሰሩን ክተትበት። ካያኩን ውሃ ላይ አውርደው። ወለሉ ላይ ትንሽ ውሃ አፍስስና ከረጢቱን እላዩ ላይ አስቀምጠው። ጥልቀቱን አንብብ። ከዚያ ትራንስዱሰሩን አውጥተህ በጎን በኩል ውሃው ውስጥ አንጠልጥለውና እንደገና አንብብ። ሁለቱ ከተቀራረቡ ቦታህን አገኘህ።

“በኢፖክሲ ለጥፌው ነበር። ሁለት ወር አልቆየም፣ ተላቆ ወለሉ ላይ ሲንከባለል አገኘሁት። ምን ልጠቀም?” (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ኢፖክሲ የፋይበርግላስ ጀልባ መድኃኒት ነው። እዚያ ላይ እንደ ድንጋይ ይይዛል። ፖሊኢትሊን ግን ቅባት እንዳለው ድስት ነው፤ የሚይዘው ነገር ጥቂት ነው። ፕላስቲኩ ደግሞ በፀሐይና በክብደት ይለመጣል፣ ደረቁ ኢፖክሲ አይለመጥም። ስለዚህ ይላቀቃል።

ብዙ የካያክ ሰው የሚጠቀመው ማሪን ጉፕ የሚባለውን ማጣበቂያ ነው። ከደረቀ በኋላም እንደ ጎማ ይለመጣል። መጀመሪያ ወለሉን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። በአልኮል ጠርገህ ይድረቅ። ከዚያ ማጣበቂያውን ከመሃል ጀምረህ አፍስሰው። አታማስለው፤ ማማሰል አየር ያስገባል። አሁን ትራንስዱሰሩን ከአንድ ጠርዙ ጀምረህ ዘንበል አድርገህ አስገባው፤ ቀስ እያልክ አስተኛው። ስትጫነው ወደ ግራና ቀኝ ትንሽ አዙረው። ጠርዙን በባትሪ ብርሃን ተመልከት። ትንንሽ አረፋዎች እየተገፉ ወጥተው ጫፉ ላይ ሲፈነዱ ታያለህ። አረፋው ሲያበቃ ቀለል ያለ ክብደት ጫንበትና ሁለት ሦስት ቀን እርሳው። ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ የጋራዡን በር ክፈት።

እውነቱን ልንገርህ? እኔ ዛሬ ማጣበቂያ አልጠቀምም። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሽቦ መግቢያ የሚደፍኑበት ዳክት ሲል የሚባል እንደ ስቱኮ ያለ ነገር አለ። የማይደርቅ ነው። ሊጥ እንደምትለውስ በእጅህ አሽተህ ወለሉ ላይ ትደፋዋለህ፣ ትራንስዱሰሩን ትጫንበታለህ፣ አለቀ። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። ካያክ ስትቀይር ነቅለህ ትሄዳለህ። ጉፕ አንዴ ከደረቀ ግን ትራንስዱሰሩን ሳይጎዱ ማውጣት ፈተና ነው።

ሌላው መንገድ ወፍራም ስፖንጅ መሰል ፎም (አትክልተኞች የሚንበረከኩበት ዓይነት) በትራንስዱሰሩ ቅርፅ መብሳት ነው። ፎሙን ወለሉ ላይ ትለጥፈዋለህ። በየጉዞው ጉድጓዱ ውስጥ ትንሽ ውሃ ጠብ ታደርግና ትራንስዱሰሩን ትወትፈዋለህ። ፎሙ እንደ ማቀፊያ ብቻ ነው፤ ከሥሩ መግባት የለበትም። ውሃ የሚባል ጄል ነጻ ነው፣ አረፋም አይዝም።

“ከፊት ጫፍ ላይ ልግጠመው ብዬ አስቤያለሁ፣ ክዳኑ ሰፊ ስለሆነ እጄ ይገባል። ትክክል ነኝ?” (ከሲያትል)

እጅሽ ይገባል፣ ድምፁ ግን አይወጣም። አንቺ መቀመጫው ላይ ስትቀመጪ አፍንጫው ቀና ይላል፤ ማዕበል ላይ ደግሞ ከውሃው ወጥቶ ይመታል። ከሥሩ አየር ይገባል ማለት ነው። ወደ መቀመጫው ቅረቢ። ከእግርሽ መካከል ወይም ከወንበሩ ኋላ ያለ ጠፍጣፋ ቦታ ይሻላል። ውሃ የሚያንጠባጥቡት ቀዳዳዎች፣ ከታች የወጡ ሸንተረሮች፣ የታተመ ጽሑፍ ያለበት ቦታ፣ ከእነዚህ ራቂ። ካያኩ ባዶ ሲሆን ሳይሆን አንቺ ተቀምጠሽበት ነው ትራንስዱሰሩ አግድም መሆን ያለበት። ዘንበል ካለ ዓሣው እንደ ቅስት ሳይሆን እንደ ተሰበረ ጭረት ይታይሻል።

ገመዱን ደግሞ አትቁረጪው። የተረፈውን ጠቅልለሽ አሳሪው።

“ጠዋት ውሃው እንደ በረዶ ነው፤ መሣሪያው ግን 80 ፋራናይት ይላል። ተበላሽቶ ይሆን?” (ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)

ደህና ነው። ቴርሞሜትሩ ትራንስዱሰሩ ውስጥ ነው ያለው፣ ትራንስዱሰሩም ካያኩ ውስጥ ነው። እየለካ ያለው መኪናህ ላይ የሞቀውን ፕላስቲክ ነው። ውሃ ላይ ሲቆይ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ግን አትመነው። ባለ ክር ቴርሞሜትር በጎን ጣል።

እናንተ ሚኒሶታዎች መቼም ይህን ዘዴ ታውቁታላችሁ። ክረምት ላይ ጥርት ያለ በረዶ ላይ ውሃ አፍስሳችሁ ጉድጓድ ሳትቆፍሩ ጥልቀት ታነባላችሁ። በረዶው ነጭና አረፋ የበዛበት ከሆነ ግን አይሠራም። ያው ነገር ነው።

“ዳውን ኢሜጂንጉ ደብዛዛ ነው፣ ሳይድ ኢሜጂንጉ ጭራሽ የለም።” (ከዳላስ)

ዳውን ኢሜጂንግ ከሥር ያለውን፣ ሳይድ ኢሜጂንግ ደግሞ ግራና ቀኙን እንደ ፎቶ አጥርቶ የሚያሳይ ነው። የተለመደው ሶናር፣ ማለትም በድምፅ ማየቱ፣ 83 ወይም 200 ኪሎኸርዝ ነው፤ ይህ በፕላስቲክ በደንብ ያልፋል። ኢሜጂንግ 455 ወይም 800 ነው። ድምፁ በቀጠነ ቁጥር ፕላስቲኩ ይበላዋል። ወደ ጎን የሚያየው ደግሞ በግራና በቀኝ ምንም ሳይጋርደው ውሃ ማየት አለበት። ለዚያ ብዙ ገንዘብ ከፍለህ ከሆነ ካያኩ ላይ በሚታሰር ዘንግ በጎን በኩል አንጠልጥለው። ካያኩ ሆድ ውስጥ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

“ባትሪስ?” (ከዴንቨር)

12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት። ትንሽ ስክሪን ግማሽ አምፒር ያህል ብትወስድ፣ የእርሳስ ባትሪውን ከግማሽ በታች ሳታወርድ ሰባት ሰዓት ትሠራለህ። የሊቲየሙ ክብደት ከእሱ ከግማሽ በታች ነው። ፊውዙን ግን ለባትሪው አስጠግተህ ግጠም። ይህን አትዝለል።

“እዚህ ጣና ላይ በታንኳ ነው የምንወጣው። ዘመዴ ከአሜሪካ ትንሽ ፊሽ ፋይንደር ልኮልኛል። ከውስጥ ብለጥፈው ይሠራል?” (ከባሕር ዳር)

ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን አይሠራም። ታንኳው የሚንሳፈፈው ደንገሉ ውስጥ አየር ስላለ ነው። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ነገር ድምፁን ይገድለዋል። የእንጨት ጀልባም አያስተማምንም። ትራንስዱሰሩን ጠንካራ እንጨት ጫፍ ላይ እሰረውና በጎን በኩል ውሃ ውስጥ አንድ ስንዝር ያህል ንከረው። ሌላው ቀርቶ ከዚህ ሁሉ የማጣበቂያ ጣጣ ትገላገላለህ። የጣና ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ያህል ስለሆነ ትንሿ መሣሪያ ትበቃሃለች። መረብ ከመጣልህ በፊት ገደሉ የት እንደሚጀምር ብታውቅ ብዙ ይረዳሃል። ፋይበርግላስ ጀልባ ካገኘህ፣ ወለሉ ድፍን ከሆነ፣ ያኔ ከውስጥ መለጠፍ ይቻላል።

“ባለቤቴ ይህን ዕቃ ገጥሞ ከመጣ ወዲህ ‘ስክሪኑ ዓሣ በዓሣ ነው’ ይለኛል። ማታ ግን ባዶ ባልዲ ይዞ ነው የሚገባው። ምን ልበለው?” (ከውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ መጀመሪያ የዓሣ ሥዕል የሚያሳየውን ምርጫ ያጥፋ በይው። መሣሪያው ቅጠልም፣ አረፋም፣ የሰመጠ ቅርንጫፍም ሲያይ ቆንጆ ዓሣ አድርጎ ይሥልለታል። ቅስቱን ማንበብ ይልመድ።

ሁለተኛ፣ ድምፁ እንደ ፋኖስ ብርሃን እየሰፋ ነው የሚወርደው። 20 ዲግሪ ከሆነ፣ ሦስት ሜትር ጥልቀት ላይ የሚያየው ስፋት አንድ ሜትር ያህል ነው።  ቀሪውን ወንዝ አያይም። ደግሞም ስክሪኑ ላይ የሚታየው አሁን ያለፈበት ነው።

ምን እየፈለገ እንደሆነም ጠይቂው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሜሪላንድ ክሮፍተን ኩሬ ውስጥ ተገኝቶ ብዙ የተወራበት፣ በ2004 ፖቶማክ ውስጥ የታየው ስኔክሄድ የሚባለው ወራሪ ዓሣ ከሆነ፣ እሱ ጉልበት በማይደርስ ውሃ፣ ሣር መሃል ነው የሚያደፍጠው። እዚያ መሣሪያው ምንም አያደርግለትም፤ ዓይኑን ይጠቀም። ሰማያዊ አምባዛ ከሆነ ግን ጥልቁን መስመር ይከተል፣ ፊሽ ፋይንደሩም እዚያ ነው ዋጋውን የሚመልሰው። አምባዛውም ከሌላ አካባቢ የመጣ ወራሪ ስለሆነ ቢይዝ ማንም አይቆጣውም። ትልልቆቹን ከመብላታችሁ በፊት ግን ስቴቱ ያወጣውን የአመጋገብ ማሳሰቢያ እዩ። መካከለኛ ካመጣ ጉላሹን ለእኔም አስቀሪልኝ።