«ከዚህ በኋላ ማንም ቤት አልገባም» አለኝ

ጥያቄ፦

ዕድሜዬ 67 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን የ35 ዓመት ልጄን ልጠይቅ ከመጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ። አባቱ ካረፉ ቆይተዋል። ልጄ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ «ዘመድ ወዳጆችሽን በመኪና ላዙርሽ» ሲለኝ የምሆነውን አጣሁ። አትላንታ የክርስትና ልጄ አለች። ዳላስ ደግሞ ከባለቤቴ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት የሠሩ ወዳጃችን አሉ፤ እናታቸው በኮሮና ጊዜ ሲያርፉ ለቅሶውን በስልክ ነው የደረስኩት። ሻንጣዬም የሰው አደራ ነው፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቡናው።

መኪና ውስጥ ችግር የለብንም። ብዙ አያወራም፤ ዳቦ ቆሎ ሳቀብለው መንገዱን እያየ ይቀበለኛል። ችግሩ ሰው ቤት ስንገባ ነው። ልጄ ትዳሩን ከፈታ ሁለት ዓመቱ ነው። ከአትላንታ ተነስተን ዳላስ በገባን ማታ መጀመሪያ ተላቀስን፤ ከዚያ ራት ተበላ፣ ቡና ተፈላ። እኔም «እስቲ እናንተ ምከሩልኝ፤ ብቻውን ቀረ እኮ» አልኩ። ወዳጃችን ከልባቸው መከሩት። አንገቱን ደፍቶ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» ሲል ቆየና ወጣ፤ እስከ እኩለ ሌሊት መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። በማግስቱ «ከዚህ በኋላ ማንም ቤት አልገባም። ስንመለስ አትላንታ አንቺን አድርሼ ሆቴል አድራለሁ» አለኝ። እናቱን ሰው ደጅ ጥሎ ሆቴል! ሰው ምን ይለኛል? እነዚህ እኮ ዳግም የማላያቸው ሰዎች ናቸው። ከዚሁ በአውሮፕላን ልመለስ ይሆን? እግሬም ማበጥ ጀምሯል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

እናት፣ ከዳላስ

መልስ፦

የተከበሩ እናታችን፣

የአውሮፕላኑን ነገር አስቀድሜ ልመልስ። እርስዎ ሦስት ሰዓት ያህል በርረው ዋሽንግተን ይገባሉ። ልጅዎ ግን ከ2,100 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ቅር ብሎትና እንቅልፍ አጥቶ፣ ብቻውን ሊነዳ ነው። የእግርዎን ማበጥ ከመንገድ በፊት ሐኪም ይየው፤ በተለይ አንዱ እግር ከሌላው በልጦ ካበጠ ወይም ካመመዎት ዛሬውኑ ይታዩ። ሐኪሙ «ረጅም ሰዓት መቀመጥ የለብዎትም» ካለ ነገሩ ሌላ ነው። በኩርፊያ ግን ትኬት አይቁረጡ። በኩርፊያ የተቆረጠ ትኬት እርስዎ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም ዓመት ሙሉ ሲነሳ ይኖራል።

አሁን ወደ ሆቴሉ። ደብዳቤዎን ስመለስበት የገረመኝ ልጅዎ ያላለው ነገር ነው። «አትላንታ አልወስድሽም» አላለም። «የሰውን አደራ እዚሁ ጥለን እንመለስ» አላለም። አደርስሻለሁ፣ ደጃፍ ድረስ አመጣሻለሁ፣ እኔ ግን ሌላ ቦታ አድራለሁ ነው ያለው። እርስዎ «ጥሎኝ ሊሄድ ነው» ብለው ሰሙት። እኔ ያነበብኩት የእናቱን ጉዞ ሳያበላሽ ራሱን ለማትረፍ የሞከረን ሰው ነው። የተናገረበት ድምፅ መራራ እንደነበር አልጠራጠርም፤ እሱን አላነጋገርኩትምና ልቡን አውቃለሁ አልልም። የመረጠው መንገድ ግን የጨካኝ ሰው አይደለም።

እስቲ ያችን ማታ ከእሱ ወገን ሆነን እንያት። ከአትላንታ ዳላስ 1,250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር ደርሶ፣ በመልሱ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ድረስ እንደመንዳት ያህል ነው። አላባማን፣ ሚሲሲፒን፣ ሉዊዚያናን በአንድ ቀን አቋርጦ፣ መሪውን የሚቀበለው ሰው ሳይኖር ነው የነዳው። በዚያ ላይ ዳላስ ሲገባ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ቀኑ ራሱ ይረዝማል። ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ለቅሶ ቤት ገባ። ቀጥሎ ራት፣ ቀጥሎ ቡና። ከዚያ ምናልባት በልጅነቱ ከአባቱ ጎን ያያቸው ሰው ፊት፣ በሕይወቱ ከሁሉ የሚያመው ነገር ከሲኒው ጋር ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። መልስ መስጠት ነውር ነው፤ ተነስቶ መሄድም ነውር ነው። የቀረው «እሺ ጋሼ» ማለት ብቻ ነበር። መኪናው ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት መቀመጡ አይግረምዎት፤ ዳላስ ውስጥ የእኔ የሚለው ቦታ እሱ ብቻ ነው።

«ምክር ማስመከር ምን ክፉ አለው? አገራችን ሽምግልና አይደለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ሽምግልና ትልቅ ነገራችን ነው፤ እኔም ወደ ምክር ክፍሌ የሚመጡትን ብዙ ባልና ሚስት «የምታከብሩት ሽማግሌ አላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ነገር ግን ሽማግሌ ሲቀመጥ ሁለቱም ወገን ለምን እንደተቀመጠ ያውቃል፤ ሁለቱም በሽማግሌው ተስማምተዋል፤ ቀኑም ተቆርጧል። የዳላሱ ማታ ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም። ወዳጃችሁን አልወቅሳቸውም፤ እናት ለምናቸው እንዴት ዝም ይበሉ? ልጅዎ ግን ለምክር ሳይሆን ለራት ነው የገባው።

በልጅዎ ሠፈር አጠገብ፣ ቤቴስዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሙሬይ ቦወን የሚባል የአእምሮ ሐኪም ነበር። በብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም፣ ኋላም ዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ፣ ቤተሰብን እንደ አንድ አካል እያየ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ «ሦስት ማዕዘን» የሚለው ነው። በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ጭንቀት ሲከብድ ሦስተኛ ሰው ይጎተታል፤ ጭንቀቱ ለጊዜው ይቀላል፤ የሁለቱ ጉዳይ ግን እንዳለ ይቀመጣል። እርስዎና ልጅዎ ከሜሪላንድ ዳላስ ድረስ ስለ ፍቺው አንድ ቃል ተነጋግራችኋል? ደብዳቤዎ ላይ አላየሁም። መኪና ውስጥ ሁለታችሁም ያለፋችሁትን ነገር ዳላስ ላይ ሦስተኛ ሰው እንዲያነሳው ሆነ።

ለምን እንደሆነ የሚገባኝ ይመስለኛል። ቪዛዎ የወራት ነው፤ ተመላሽ ነዎት። በየገቡበት ቤት የልጅ ልጅ ሲሯሯጥ ያያሉ፤ «ልጅሽስ?» ተብለው ይጠየቃሉ። ሌሊት ሲተኙ የሚያስጨንቅዎ «እኔ ስሄድ ማን አለው?» የሚለው ነው። ስለዚህ በየቤቱ ለእሱ የሚያስብ ሰው ትተው መሄድ ይፈልጋሉ። ይህ የእናት ነው፤ ማንም አይፈርድብዎትም። ይሁንና ውጤቱን ይዩት፤ ነገ ቢታመም ወይም በዓል ላይ ብቻውን ቢሆን ሄዶ በራቸውን የሚያንኳኳባቸው እነዚሁ ሰዎች ነበሩ፤ እሱ ግን ዛሬ «ማንም ቤት አልገባም» እያለ ነው። ዘመድ ሊያተርፉለት ብለው ዘመዱን እያሸሹበት ነው። የሆቴሉን አዳር ይርሱትና ይህ ያሳስብዎት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከዳላስ ሉዊዚያና ውስጥ እስካለችው ሽሪቭፖርት ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በዚያ መንገድ ላይ፣ ከተማውን ወጥታችሁ መንገዱ ሲቀና፣ አንድ ነገር ይበሉት፦ «ያን ማታ ያንን ማንሳት አልነበረብኝም። የአንተ ጉዳይ ነው፤ አንተን ሳልጠይቅ ከእንግዲህ ሰው ፊት አላነሳውም።» በቃ። ከዚህ በኋላ «ግን» አይምጣ። «ግን እኔም እናት ነኝ»፣ «ግን አንተም ሆቴል ማለትህ» የሚል ከተከተለ የፊቱ ሁሉ ይጠፋል። ለልጅ ይቅርታ ማለት በእርስዎ ዘመን አልተለመደም፤ ለእርስዎም ሳይከብድ አይቀርም። የ35 ዓመት ሰው ግን የእናቱን እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ እናቱን አይንቅም።

መልስ አይጠብቁ። «እሺ» ብሎ ዝም ቢል ይበቃል። ብዙ ወንዶች የከበደ ነገር የሚቀላቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳይሆን ጎን ለጎን ሆነው፣ ዓይናቸው ሌላ ቦታ እያለ ነው፤ ከዚህ አንፃር መኪና ጥሩ ቦታ ነው። ክፉነቱም እዚያው ላይ ነው፤ መሪ የያዘ ሰው ማምለጫ የለውም። ስለዚህ «ለመሆኑ ምን አጣላችሁ? ጥፋቱ የማን ነበር?» የሚለውን ምርመራ እባክዎ አይጀምሩ። እሱ ከጀመረ ያዳምጡ፤ መፍትሔ አይፈልጉለት። ዳቦ ቆሎውን ማቀበልዎን ይቀጥሉ፤ እየተቀበለዎት ነው፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እርስዎም የራስዎን ይንገሩት። «ዳግም የማላያቸው ሰዎች ናቸው» ብለው የጻፉት ለእኔ ነው። ለልጅዎ ብለውታል? ይህ ጉዞ ለእሱ ከእናቱ ጋር የሚያሳልፈው ዕረፍት ሊሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ስንብት፣ ለቅሶና አደራ ማድረሻ ነው። አንድ መኪና ውስጥ ሆናችሁ የምትሄዱት ለየብቻ ነው። ለምን አንድም ቤት መቅረት እንደሌለበት፣ ለምን ለቅሶው በስልክ መድረሱ ሆድዎን ሲበላው እንደኖረ ከሰማ፣ የቤቶቹ ብዛት የእናቱ ግትርነት ብቻ አይመስለውም።

መንገዱን ደግሞ ይክፈሉት። ዳላስን በጠዋት ትታችሁ መንገድ ላይ ጃክሰን ወይም በርሚንግሃም እደሩ። ከበርሚንግሃም አትላንታ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ በማግስቱ በቀን፣ ያልደከመ ሰው ሆኖ ይገባል። ሐኪሙ መንገዱን ከፈቀደልዎም በየሁለት ሰዓቱ መውረድና ትንሽ መራመድ አለብዎት፤ ብዙ ሰዓት ታጥፎ የተቀመጠ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ውኃም ይጠጡ፤ ሽንት ቤት ፍለጋ እንዳላስቸግረው ብለው ጥምዎን ይዘው እንደሚጓዙ እገምታለሁ፤ የእኛ እናቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የዳላሱ ወሬ ከመኪናችሁ ቀድሞ አትላንታ ሊገባ ይችላል። የክርስትና ልጅዎ ወይም ባሏ ነገሩን ካነሱ፣ እርስዎ ቀድመው «እሱን ከልጄ ጋር ጨርሰናል፤ ይልቅ የእናንተን አጫውቱን» ይበሉ። ልጅዎ በአጠገብዎ ሆኖ ይህን ቢሰማ ከእኔ ሁለት ገጽ ደብዳቤ የበለጠ ይሠራል። እውነተኛ ምክር ያስፈልገዋል ብለው ካመኑም ሌላ ቀን፣ ለብቻው፣ «የምታምነው ሰው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁት። «ማንም የለም» ካለ ለጊዜው ማንም የለም።

ልጅዎን ሙሉ በሙሉ ነፃ አላወጣውም። በማግስቱ ያቺን ውሳኔ ከመወርወሩ በፊት «እማዬ፣ ትናንት በጣም ነው የከፋኝ» ሊልዎት ይችል ነበር። ይህን ምክር ካነበበ፣ ለሚቀጥለው ቤት ደጅ ሳይደርሱ ስለ ምን እንዲወራ፣ ስለ ምን እንዳይወራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ከእናቱ ጋር መኪና ውስጥ ቢስማማ ይሻለዋል።

ስለ ሰው አፍ ብዙ አይጨነቁ። «ብዙ ስለነዳ ነው፤ ይተኛበት ብዬ ነው» ሲሏቸው አትላንታ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይገባዋል፤ ሁሉም የዚያን አገር መንገድ ያውቃል። አደራውን አስረክቦ፣ ምሳ በልቶ፣ ሆቴሌ ልሂድ ካለ ይሂድ። በር ላይ «እንዲህማ አይሆንም» የሚል ግብግብ እንዳይነሳ ለክርስትና ልጅዎ በስልክ ቀድመው ይንገሯት። ጠዋት ለቁርስ ሲጠራም፣ እርስዎ ከሚደውሉ እሷ ትደውልለት።