ሳጅኑ መልሱን ይዞ መጥቶ ነበር

ባለፈው ሳምንት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደወለችልኝ። የሚኒ ሚዲያ ክበባቸው ከሰፈሩ ፖሊሶች ጋር አጭር ቪዲዮ ሊሠራ ነው። «ጋሼ፣ ፖሊሱን የሚያስቆጣ ጥያቄ ብንጠይቅስ?» አለችኝ። «ጠይቁ እንጂ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በሚሊኒየሙ ሰሞን ሬዲዮ እሠራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ልጆችን አግዝ ነበር። ኮሚኒቲ ፖሊሲንግ የሚለው ነገር (ፖሊስና ነዋሪ ተባብረው ሰፈር የሚጠብቁበት) ገና አፋችን ላይ ሳይለምድ፣ የሰፈሩ ሳጅን የአስር ደቂቃ ፕሮግራም አብረን እንሥራ አለ። ስቱዲዮ የት አለና፤ የስፖርት ዕቃ ክፍል ውስጥ ኳስ ላይ ተቀምጠን፣ ማይኩን ካልሲ አልብሰን (ንጹህ ካልሲ ነው!) መቅዳት ጀመርን። ሲጮህ ሰፈሩ የሚሰማው ሰውዬ ማይክ ፊት ድምፁ ጠፋ። አንዷ ልጅ «አይዞዎት ሳጅን፣ እኔን ብቻ ይዩኝ» አለችው።

ስለ ኪስ አውላቂና ስለ ዜብራ ብዙ ተወራ። ከዚያ ከትምህርት መልስ ሊስትሮ የሚሠራ የ9ኛ ክፍል ልጅ ማይኩን ተቀበለ። «ማክሰኞ ሰፈራችን አፈሳ ነበር። ወንድሜን ወሰዱት። ለምን እንደሆነ ማንን ነው የምንጠይቀው?»

ሳጅኑ ዝም አለ። ካሴቱ ሲሽከረከር ይሰማል። «እኔም አላውቅም። ጠይቄ እነግርሃለሁ» አለ።

ወደ ሌላ ካሴት ስገለብጠው የልጁን ጥያቄና የሳጅኑን መልስ ዘለልኩ። ማንም አላዘዘኝም። ለልጁ ፈርቼ ነው እላለሁ፤ ለራሴ ሳይሆን አይቀርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል፣ እኔ ግን ደመወዝ የሌለው ሳንሱር ሆንኩ።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ሞንታርቦው ዜብራና ኪስ አውላቂ ብቻ አወራ። ልጁ ባንዲራ መስቀያው አጠገብ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ወዲያ ክበቡ ድርሽ አላለም። ቅዳሜ ሳጅኑ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት መዘዘ። «የልጁን ነገር ለምን ቆረጡት? መልሱን ይዤለት መጥቼ ነበር።» ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ እንኳ አልጠየቅኩትም። ጋዜጠኛ ነኝ ባይ!

የዛሬ የሚኒ ሚዲያ ልጆች፣ ስለ መብራትና ስለ ድምፅ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ግን ቀረጻ ከመግባታችሁ በፊት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 አንብቡ፤ የተያዘ ሰው ምክንያቱ ሊነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ሊቀርብ እንደሚገባ የሚያውቅ ልጅ አጠያየቁ ሌላ ነው። ፖሊሱም እናንተን ይጠይቅ፣ ካሜራውንም ይያዝ። የዛሬ ልጆች ስልክ ደቅኖ በመቅረጽ ማንም አይችላችሁም፤ የሰው መልስ እስኪያልቅ መታገስ ግን ጭንቃችሁ ነው። ቲክቶክ ነው መሰለኝ። (እኔም ሌሊት ሌሊት አያለሁ፣ አልዋሽም።)

አንድ ነገር ግን ቁረጡ፦ የተያዘ ታዳጊ ስምና ፊት። አትቁረጡ ስል ቆይቼ ቁረጡ አልኩ፣ ይሁና። ብቻ ልጁን ጠይቃችሁ ይሁን፤ እኔ አልጠየቅኩትም።

ለልጅቷ ዛሬ መልሼ ደወልኩ። ፖሊሱ «አላውቅም» ካለ ካሜራውን እንዳታጠፊ፣ ዝም ብለሽ ጠብቂ አልኳት።

«ስንት ሰከንድ?» አለችኝ።