ገንዘብን በጊዜ ማሰር፦ ከጅማ አንባቢዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ቡና ነጋዴ ነኝ። ጥር ላይ ሒሳቤን ስዘጋ 300,000 ብር ቀርቶኛል። ባንክ ለአንድ ዓመት በጊዜ ገደብ ባስቀምጠው 14 በመቶ ወለድ እንደሚከፍለኝ ነግሮኛል። ልፈርም?

መልስ፦ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ማለት ገንዘብዎን ለተወሰነ ጊዜ ላለማውጣት ተዋውለው፣ በምላሹ ከተራው ቁጠባ የተሻለ ወለድ የሚያገኙበት ሒሳብ ነው። የብሔራዊ ባንክ መመሪያ በ2010 ዓ.ም. የተራ ቁጠባን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ያደረገው ሲሆን፣ የጊዜ ገደቡ ወለድ ግን በድርድር የሚወሰን በመሆኑ መጀመሪያ የተነገርዎትን ቁጥር ሂርማታ ገበያ ላይ እንደሚጠራ የመጀመሪያ ዋጋ ይቁጠሩት። እኔን የሚያሳስበኝ 14ቱ በመቶ ሳይሆን ዓመቱ ነው። ጥር ላይ የታሰረ ገንዘብ የሚፈታው በሚቀጥለው ጥር ነው፤ ቡናው ቀልቶ ለለቃሚ፣ ለጆንያና ለመኪና ኪራይ ብር የሚያስፈልግዎት ግን ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ ውሉን ቢያፈርሱ ወለዱ ወደ ተራው ቁጠባ ሊወርድ ወይም ጨርሶ ሊቀር ስለሚችል፣ ከመፈረምዎ በፊት ከቀኑ አስቀድሞ ስለማውጣት የሚናገረውን አንቀጽ ጣትዎን አስቀምጠው ያንብቡት።

በዚያው ወለድ ለስድስት ወር ከተስማሙ ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሚያገኙት ወለድ 21,000 ብር ነው (42,000 የዓመቱ ነው፤ በዚህ የሚሳሳት ብዙ ሰው አጋጥሞኛል)። በተራው ቁጠባ 10,500 ብር ይሆን ነበር። ከሁለቱም ላይ ባንኩ ግብር ቀንሶ ነው የሚሰጥዎት። አንዳንዱ ውል ቀኑ ሲደርስ ባለቤቱ ዝም ካለ በራሱ የሚታደስ ስለሆነ፣ ሐምሌን ከዘነጉ ገንዘቡ እስከ ጥር መልሶ ይታሰርብዎታል።

ጥያቄ፦ ለጥንቃቄ ብዬ ገንዘቤን በአንድ ባንክ ሁለት ቅርንጫፎች ከፍዬ አስቀምጫለሁ። ባንኩ ቢወድቅ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ አይጠቅምዎትም። የተቀማጭ ገንዘብ መድን የሚሸፍነው ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ነው፤ መርካቶም ፈረንጅ አራዳም ቢያስቀምጡት ባንኩ አንድ እስከሆነ ድረስ በጊዜ የታሰረውም ተራ ቁጠባውም ተደምሮ ይታያል።

ጥያቄ፦ ወለድ አልበላም። ለእኔ ዓይነቷ ምን አለ?

መልስ፦ ብዙ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት አላቸው፤ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ነው። ገንዘብዎን ለጊዜ ማቆየት ከፈለጉ ስለ ሙዳረባ ይጠይቁ። ባንኩ ገንዘብዎን ሥራ ላይ አውሎ ትርፉን አስቀድማችሁ በተስማማችሁበት ድርሻ ያካፍልዎታል፤ ኪሳራ ቢመጣ ደግሞ፣ ባንኩ እስካላጠፋ ድረስ፣ ኪሳራው የገንዘቡ ባለቤት ነው። ስለዚህ «ስንት በመቶ ትከፍላላችሁ?» ከማለት ይልቅ «ትርፉን በስንት እጅ እንካፈላለን? ባለፈው ዓመትስ ምን አካፈላችሁ?» ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለችው ልጄ «ገንዘቤን ሲዲ ውስጥ አስገባሁ» አለችኝ። እኔ የማውቀው የዘፈን ሲዲ ነው። እዚህ ብትልከው አይሻልም? የእኛ ባንክ የበለጠ ወለድ ይሰጣል።

መልስ፦ ሲዲ የሚሉት ይህንኑ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ነው። እዚያም ከቀኑ በፊት ያወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተወሰኑ ወራት ወለድ ይቀጣል፤ የመንግሥት መድኑ ደግሞ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 250,000 ዶላር ይሸፍናል። የብር ወለድና የዶላር ወለድ ግን ጎን ለጎን አይነጻጸሩም። እኛ ዘንድ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በልጦ ስለነበር፣ በዚያ ዓመት 14 በመቶ ያገኘ ሰው እንኳ በብሩ የሚገዛው ጤፍ ቀንሶበታል። ልጅዎ ገንዘቡን የምታወጣው እዚያው ለቤት ኪራይና ለትምህርት ከሆነ በዶላር ይቀመጥላት፤ ጅማ ላይ ቤት ልትሠራ ካሰበች ግን መላክ ያለባት ሲሚንቶና ብረት በሚገዛበት ወር ነው።